ደንበኛ ላመጣልኝ ልጅ ምስጋና፣ ለናንተም ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሰው ሲያስቀይመን እንደምንናገረው መልካም ሲያደርግልንም እንናገር ብዬ፣ ስራዬን በኢንተርኔት አስተዋውቆ ደንበኛ ስላመጣልኝ ልጅ ነው የምጽፈው።

ስራዬ የሶፋ፣ የምንጣፍና የፍራሽ እጥበት ነው፣ ቤት ለቤት። ሰሚት ነኝ ግን አያትም ሲኤምሲም ገርጂም እንሄዳለን። ማሽን ገዝቼ ልጆች ቀጥሬ የጀመርኩት ነው። የበዓል ሰሞን ስልኬ አያርፍም ነበር፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ጭጭ። የልጆቹ ደሞዝ ደግሞ በዓል አይጠብቅም፣ ሌሊቱን ስገላበጥ ነበር የማድረው።

ከዚህ ልጅ በፊት ያየሁትን እግዜር ነው የሚያውቀው። አንዱ ፔጅሽን ላሳድግልሽ ብሎ ብሬን ተቀበለ፣ ፎሎወሩ እውነትም ጎረፈ፣ ግን አንዳቸውም አዲስ አበባ የሚኖሩ አይደሉም፣ አንድ ስልክ አልተደወለም። ሌላው ቡስት አደርግልሻለሁ፣ ማለትም ፖስትሽን ከፍለን ለብዙ ሰው እናሳያለን፣ በብር ካርድ አይከፈልም ዶላሩን እኔ እችላለሁ አለና በፈለገው ምንዛሪ አስልቶ ወሰደ፣ ምን ላይ እንደዋለ አሳየኝ ስለው ተቆጣ። ዋጋ ስንት ነው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ "ኢንቦክስ" እያለ ሲመልስ የከረመውም እሱ ነው፣ ሰው ደግሞ ኢንቦክስ ሲባል ትቶ ይሄዳል። ስንለያይ ፓስወርዱን ይዞብኝ ቀረ፣ የስራችን ፎቶ ሁሉ እዛው ቀረ። በጣም ነው ያለቀስኩት።

ከዛ የአክስቴ ልጅ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ። ስለ ቡስት ገና ሳነሳበት "እህቴ ብርሽን ያዢ፣ መጀመሪያ ስትሰሩ ልያችሁ" አለኝ። በዳማሷ አብሮን አያት ኮንዶሚኒየም ሄደ። ልጆቹ ጀሪካን ጀሪካን ውሃ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ሲወጡ አይቶ ይሄ ሁሉ ውሃ ለምንድነው አለ። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሰው ሮቶ አንጨርስም፣ ይዘን ነው የምንሄደው አልኩት። ልጁ ቆመ። "እህቴ ደንበኛ የሚያመጣልሽ ይሄ ነው" አለኝ።

በቃ ቴሌግራሙም ቲክቶኩም ላይ የመጀመሪያው መስመር "ውሃ ይዘን እንመጣለን" ሆነ። ከስሩ ዋጋ በግልጽ፣ ሶፋ በሰው መቀመጫ፣ ምንጣፍ በካሬ። ጉግል ማፕ ላይም አስገባን፣ እንዴት እንዳደረገው አልገባኝም፣ ግን መመዝገቡ በነጻ እንደሆነና የምከፍለው ለሱ ድካም ብቻ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ዘመዶቼን ኮከብ ላስሰጥ ስል ከለከለኝ፣ ያልታጠበለት ሰው አይጻፍ፣ የውሸት ሲሆን ጉግልም ያጠፋዋል አለ። አሁን ስራ ስንጨርስ ደንበኛውን ራሱን ነው የምንጠይቀው፣ ሊንኩን በቴሌግራም እንልካለን።

አንድ ነገር ግን መቼም አልረሳም። ሁሉንም በኔ ስልክና በኔ ኢሜይል ነው የከፈተው። ፓስወርድ ላይ ሲደርስ ስልኩን ሰጠኝና "አንቺ ጻፊው፣ ለኔም እንዳትነግሪኝ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ያ ሁሉ ከደረሰብኝ በኋላ ይሄን ሳይ እንባዬ መጣ። እናቱ ትባረክ፣ የወለደች ማህፀን ትባረክ!

አሁን የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚለው "ውሃ ይዛችሁ ትመጣላችሁ የተባለው እውነት ነው ወይ" ነው። ሜሪላንድ ያለ ወንድማችን ሳይቀር ጉግል ላይ አይቶን ለእንቁጣጣሽ የእናቱን ቤት አሳጠበ፣ እናትየው ቡና አፍልተው መርቀው ነው የሸኙን። እናቴን አስታወሱኝ፣ ነፍሷን ይማር፣ ይሄን ቀን ብታይልኝ ምነው።

የቧንቧም የዲሽም የኤሌክትሪክም ስራ የምትሰሩ፣ ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ ሞግዚትና የቤት ሰራተኛ የምታገናኙ፣ እባካችሁ ብራችሁን ለማታውቁት ሰው ከመበተናችሁ በፊት ይሄን ልጅ አናግሩት። ሐቀኛ ነው፣ ትሁት ነው፣ ስራውን ያውቃል። ደግሜ እላለሁ አናግሩት። ስልኩን እዚህ በአደባባይ አላስቀምጥም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቀን ቀን ስራ ላይ ነኝ፣ ማታ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።