ላቀች፣ የቆርቆሮ ምድጃ ወይስ ኤሌክትሪክ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባች የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። አንዷ ሰንዳፋ ቤት ሠርታ የወጣች የአክስቴ ልጅ። አንዷ ደግሞ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። "የከሰል ወጪ ጨረሰኝ፤ ምን ዓይነት ምድጃ ልግዛ?" በቃል ስደጋግመው ከረምኩ፤ አሁን ልጻፈው።

ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔ ላቀች የምትባለዋ ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ወገን ነኝ። እውነተኛዋን ላቀች ማለቴ ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ወዲህ ሁለት የቆርቆሮ ምድጃ፣ አንድ አስመሳይ ላቀች፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ እና አሁን የምጠቀምባትን ላቀች ገዝቻለሁ። የምነግራችሁ ከኪሴ ወጥቶ ያየሁትን ነው።

ከቆርቆሮው ልጀምር። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ላሜራ የሚሠራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሠሪዎቹን አደንቃለሁ፤ የተጣለ ብረት በእጃቸው ዕቃ ይሆናል። ምድጃው ግን ከሰል ይበላል። ሙቀቱ ድስቱን ትቶ በጎንና በጎን ይወጣል። ሽሮ ላማስል ጠጋ ስል እግሬን በቀሚሴ ላይ ይለበልበኝ ነበር። ያ የሚለበልበኝ ነገር ገንዘብ የከፈልኩበት ሙቀት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዋጋው ደግሞ ያታልላል። ሁለተኛውን የገዛሁት 300 ብር ነበር። በዓመት ከመንፈቁ ወንፊቱ ተበልቶ ፍሙ ከአመዱ ጋር ይወድቅ ጀመር።

ላቀች ውስጧ ሸክላ ነው። ሐሳቡ የመጣው ኬንያዎች ጂኮ ከሚሉት ባለ ሸክላ የከሰል ምድጃ ነው። ሸክላው ሙቀቱን አፍኖ ወደ ላይ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። ከቆርቆሮው ምድጃ ጋር ስትተያይ ወደ 25 በመቶ ከሰል ትቆጥባለች ይባላል። ማጋነን መስሎኝ ራሴ ለካሁት።

የኩሽናው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ቀን እየጻፍኩ ነው የለካሁት። አምስት ነን። እንጀራ በከሰል አንጋግርም፤ ወጥ፣ ሻይና ቡና ብቻ ነው። በቆርቆሮው ምድጃ አንድ ማዳበሪያ ከሰል 24 ቀን ቆየ። በላቀች ከዚያው ነጋዴ የገዛሁት ያው መጠን 32 ቀን ቆየ። ማዳበሪያው ያኔ 1,200 ብር ነበር። ስለዚህ በቆርቆሮው በቀን 50 ብር፣ በላቀች 37 ብር ከ50 ሳንቲም አቃጥያለሁ። ልዩነቱ በቀን 12 ብር ከ50፣ በወር 375 ብር ነው። ላቀችን የገዛኋት 650 ብር ነው፤ ከቆርቆሮው በ350 ብር ትበልጣለች። ያቺን 350 ብር በ28 ቀን መለሰችልኝ። ዛሬ የከሰሉም የምድጃውም ዋጋ ሌላ ነው፤ በሰፈራችሁ ዋጋ አስቡት። በፌስታል እየገዛችሁ ከሆነማ የእናንተ ቁጠባ ከእኔም ይበልጣል፤ በችርቻሮ ከሰል ሁሌም ውድ ነው።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በባህላዊው መንገድ፣ አፈር ለብሶ ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይሄዳል። እኔ ጋ በወር የተረፈችው ከሩብ ማዳበሪያ የምትበልጥ ከሰል እዚያ ስትደርስ የአምስት እጥፏ እንጨት ናት። ከሰሉ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ከአዊ ዞን የሚመጣው በአብዛኛው ገበሬው ማሳው ላይ ተክሎ የሚያከስለው፣ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ማንም ያልተከለው የዱር ግራር ነው። እኔ ምርጫ ካለኝ የአዊውን እገዛለሁ።

አሁን ወደ አንጀቴ ቁስል ልምጣ። ከእውነተኛዋ በፊት አንድ አስመሳይ ገዝቻለሁ። መንገድ ዳር በጋሪ የሚሸጥ ልጅ 400 ብር አለኝ። ገበያ ላይ ያየሁት 650 ነበር። ለምን ረከሰ ስለው "እህቴ፣ ያው አንድ ናት፤ እኔ ኪራይ ስለማልከፍል ነው" አለኝ። አመንኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሻይ ጥጄ 'ጧ' የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሸክላው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀዩ ቀለም ተቀርፎ ሲወድቅ ከሥሩ ግራጫ ጭቃ ወጣ፤ የጭዱ ስንጥር ሳይቃጠል እንዳለ ይታያል። ለካ ፀሐይ ላይ ደርቆ ቀለም ተቀባ እንጂ እሳት አልነካውም። በጭቃና በአመድ ለጥፌ ሁለት ሳምንት አቆየሁት፤ ከዚያ ተናደ። 400 ብሬ ሄደ። ቆርቆሮው በረንዳ ላይ ጤና አዳም ተተክሎበታል።

ሁለተኛ ጊዜ ስገዛ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ አንዲት እናት አስተማሩኝ። "ልጄ፣ ሸክላ ይናገራል፤ ምቺው" አሉኝ። ሳንቲም ሰጥተው አስመቱኝ። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ እንደ ሲኒ ይጠራል። ያልበሰለው ድፍን ያለ፣ እንጨት የመታችሁ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ጥፍራችሁን ወይም ሚስማር ውስጡ ላይ ጫር አድርጉ፤ ዱቄት ከረገፈ አትግዙ። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ምን እንደተደበቀበት ጠይቁ፤ ጥሩ ሸክላ ቀለም አያስፈልገውም። በሸክላውና በቆርቆሮው መሀል ያለውን ክፍተትም እዩ። ጣታችሁ የሚገባበት ባዶ ካለ ምድጃዋ አንዴ ከወደቀች ሸክላው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ አንሷት። እውነተኛዋ ከበድ ትላለች።

የአየር ማስገቢያዋ በር መግጠሙንም ሳታዩ አትውጡ። ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ቁጠባው ግን ግማሹ እሷ ጋ ነው። ከሰሉ ከተያያዘ በኋላ ወጡ ሲንተከተክ በሯን ገርበብ ታደርጋላችሁ፤ ፍሙ ይረጋል። በሯ ከተጣመመች ላቀችም እንደ ቆርቆሮው ትበላለች።

ቤት ስትገባ የመጀመሪያውን ቀን ትንሽ ከሰል ብቻ አንድዱባት፤ ቀስ ብላ ትሙቅ። ትኩስ እያለች ውኃ አታስነኳት። እኔ ፍም ላጠፋ ውኃ ረጭቼ የሸክላዋን ከንፈር ሰንጥቄያለሁ። አሁን የተረፈውን ፍም ክዳን ባለው የወተት ጣሳ ከትቼ አፍናለሁ፤ በማግስቱ ይያያዛል። ሽምብራውንና ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉ፣ ድስቱን ክደኑ። እነዚህ አንድ ብር አያስወጡም። ሸክላዋ አንድ ቀን ሲያልቅም ቆርቆሮውን አትጣሉት፤ ውስጡን ብቻ የሚቀይሩ ሠሪዎች አሉ።

ኤሌክትሪኩስ? የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ ስለሆነ ዛፍ አያስቆርጥም፣ ቤት አያጨስም። መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ አልከራከራችሁም። በእኛ በዳር ሰፈሮች ግን ሌላ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲጥድ ኃይሉ ይደክማል፤ ሽቦው ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ ድስቱ አይፈላም። በአንድ ዓመት ሽቦውን ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። የሚገባው መለዋወጫ በየጊዜው እየቀጠነ መጣ። ሦስተኛው ሲቃጠል ሶኬቱንም አቅልጦት ሄደ። የመብራት ታሪፉም በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ ይላል። 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ምድጃ በቀን 2 ሰዓት ከሠራ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እሱን አሁን በምትከፍሉት ላይ ደምሩት።

ለእንጀራ ግን ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር ጠብ የለኝም። ምጣዱ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ እስኪግል ብዙ ኃይል ይበላል። እኔና ጎረቤቴ በአንድ ቀን ተከታትለን እንጋግራለን፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ አይበርድም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ገመዳችሁ ይችለው እንደሆነ ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

በእንጨት ለምትጋግሩ፣ እንደ አክስቴ ልጅ፣ "ምርጥ" የሚባል የእንጀራ ምድጃ አለ። በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ነው። ከሦስት ጉልቻ አንጻር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ለጭራሮና ለባሕር ዛፍ ቅጠልም ይመቻል።

አንድ ነገር አደራ። ላቀች ከሰል ትቀንሳለች እንጂ መርዙን አታጠፋም። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ቤት ይሞቅልናል ብላችሁ ማታ በርና መስኮት ዘግታችሁ ፍም ይዛችሁ አትተኙ፤ ሐምሌ ቢሆንም፣ ልጆች ቢበርዳቸውም።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ከገበያ ደወለች። ምርጡን ለእንጀራ፣ ላቀችን ለወጥ ልትገዛ ነው። ስልኩን ምድጃዎቹ አጠገብ አስጠግታ በሳንቲም እየመታች አሰማችኝ። የመጀመሪያው ድፍን ነው። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ጠራ። ነጋዴዋ 700 አለቻት፤ በ680 ወሰደችው።