ዘንዶው አርዌ ወይስ ጅብ የሚሆነው ቀጥቃጭ?

ከአገራችን አፈ ታሪክ ተነስቶ ምናባዊ ልቦለድ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሁለት መነሻዎች ቶሎ ይታዩኛል።

አንደኛው አርዌ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ይህ ዘንዶ 400 ዓመት ነግሦ ልጃገረድና ከብት ሲገበርለት ኖረ፤ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት ገደለውና በቦታው ነገሠ። ጭራቁ፣ ግብሩ፣ ብልሃቱ፣ ዙፋኑ ሁሉም ተሟልቷል። ግን ዘንዶ የሚገድል ጀግና በብዙ ሕዝብ ተረት ውስጥ አለ። የኛን ከብዙዎቹ የሚለየው በጦር ፈንታ ያቺ ፍየል መምጣቷ ነው።

ሁለተኛው ቡዳ ነው። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ጅቡ ሲገደል ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚል ወሬም አለ። ያቺ ጉትቻ ብቻዋን መጽሐፍ ትወልዳለች፦ ማን ሠራት? በማግስቱ ገበያ ላይ አይቶ ያወቃትስ ማን ነው?

እዚህ ላይ ግን እጄ ይከብዳል። ቡዳ እየተባሉ የተገለሉት እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች። ገበሬው ማረሻውን ከነሱ ይገዛል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። በመንደርተኛው ዓይን ከተጻፈ ያው የድሮው ስም ማጥፋት ይደገማል።

እኔ ብመርጥ ሁለተኛውን ነው፤ ተራኪዋን ግን ወናፉን የምትነፋው የቀጥቃጩ ልጅ አደርጋታለሁ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ አባቷ አጠገቧ ተኝቷል፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ ዱላ የያዙ ጎረቤቶች ቆመዋል።