የልጄን ቡድን አውቶቡስ ለሚነዱት ሰው ምስጋና፣ አውቶቡስ ለምትከራዩ ሁሉ ጥቆማ

የበረዶ ሆኪው ወቅት አልቆ ልጄ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግነው ግን አሠልጣኙን አይደለም፤ ግብ ያስቆጠሩትንም አይደለም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ልጆቹን ያመላለሱትን ሹፌር ነው። ስለ ጨዋታው የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ ሹፌሩ ግን አንድ መስመር የጻፈ ሰው ስላላየሁ እኔው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ልጄ የሚጫወተው በዌስተርን ሆኪ ሊግ፣ በካናዳዋ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ ላለ ቡድን ነው። ጁኒየር ይባላል እንጂ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ተጫዋቾቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ በመደበኛው ወቅት 68 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ግማሹ ከሜዳቸው ውጪ ነው። ልጁ ከወላጁ ተለይቶ በቡድኑ ከተማ ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር ይኖራል፤ ትምህርቱንም እዚያው ይማራል። ሊጉ አንድ ልጅ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ ወቅት የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። ይህ ባይሆን ኖሮ ባለቤቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቢለምነኝም እሺ አልለውም ነበር። የቀረው ሕይወታቸው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከሬጃይና እስከ ካልጋሪ ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አንዳንዴም የሮኪ ተራሮችን ተሻግረው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድረስ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ በበረዶው ክረምት፣ አብዛኛው ደግሞ ከጨዋታ በኋላ በሌሊት።

እኔ ስለ ሆኪ የማውቀው ጥቂት ነው። ዳኛው ለምን ፊሽካ እንደሚነፋ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ባለቤቴ ሊያስረዳኝ በጀመረ ቁጥር ሌላ ነገር አስባለሁ። የማውቀው አንድ ነገር መንገዱን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2018 የሃምቦልት ብሮንኮስ ጁኒየር ቡድን ለጥሎ ማለፍ ጨዋታ ወደ ኒፓዊን ሲጓዝ የማቆሚያ ምልክት ጥሶ ከገባ ከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ሞቱ፤ 13 ቆሰሉ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1986 የሌላ ቡድን፣ የስዊፍት ከረንት ብሮንኮስ፣ አውቶቡስ በበረዶ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበት አራት ተጫዋቾች አልቀዋል። በሃምቦልት ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ ለሟቾቹ መታሰቢያ የሆኪ ዱላ ከደጁ አቁሞ ሲያድር እኔም የልጄን ትንሽዬ ዱላ አውጥቼ በሩ ላይ አቁሜያለሁ። ያን ጊዜ ልጄ ገና ሕፃን ነበር። አድጎ እሱም እንደነዚያ ልጆች አውቶቡስ ላይ ይወጣል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ዱላውን ያኔውኑ እሰብረው ነበር።

እዚህ ሊግ ከመድረሱ በፊት በታዳጊዎች ቡድን ሳለ ያየነውን ደግሞ ስሙ። ስም አልጠራም፤ የሚመለከታቸው ራሳቸውን ያውቃሉ። አንደኛው ድርጅት የላከልን አውቶቡስ ማሞቂያው የማይሠራ ነበር። ከቤት ብርድ ልብስ አምጥተን ልጆቹን እየጠቀለልን ሰደድናቸው፤ ሹፌሩ ግን የራሱ ወንበር ዘንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቶ ተቀምጧል። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስልኩን ሲነካካ ልጆቹ ፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩን። ወደ ቢሮው ደውዬ አቤት ብል የተሰጠኝ መልስ «ደርሰዋል አይደል እንዴ?» የሚል ነው። ይቅርታ እንኳ የለም። ደርሰዋል አይደል! እንዲህ ያለ መልስ ለእናት ይሰጣል? እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው በርካሽ የተገኘ ነበር። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ሌሊቱን ለሌላ ድርጅት ሲነዳ አድሮ በጠዋት ወደ እኛ መምጣቱን ለልጆቹ እየሳቀ ነግሯቸዋል። ልጄ ይህን በወሬ መሐል ሲነግረኝ ደሜ ቀዘቀዘ። የካናዳ ሕግ የአውቶቡስ ሹፌር በቀን ከ13 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ 8 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ለእኔ ግን ሕጉን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። በሌሊት ፈረቃ ጽዳት የምሠራ ሴት ነኝ፤ ሊነጋጋ ሲል ዓይን ተገልጦም እንደማያይ በራሴ አውቃለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት ቢሳሳተኝ ወለል ላይ ውኃ ይፈስሳል፤ እሱ ቢሳሳተውስ?

ስለዚህ ልጄ ዘንድሮ ወደ ትልቁ ሊግ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሹፌሩ ማን ነው የሚል ነበር። ባለቤቴ አፍሮ ክርኔን ጎሰመኝ። እኚህን ሰው ያወቅኋቸው ያኔ ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ከመነሣታቸው በፊት በአውቶቡሱ መተላለፊያ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደው እየተመለሱ ልጆቹን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ሲመለሱ እንደገና ይቆጥራሉ። ቀበቶ ያላሰረ ካለ ሞተሩ አይነሣም። አዲስ ገቢዎቹ ከፊት፣ ነባሮቹ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን ትልቅ ሰው አድርገው ቀበቶ ይንቃሉ። እሳቸው አይቆጡም፤ አጠገቡ ቆመው ዝም ብለው ይጠብቁታል። የቀሩት ልጆች በመዘግየታቸው ሲያጉረመርሙበት ያስራታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጥር ላይ ነው። ብራንደን ከተማ ተጫውተው በሌሊት በትራንስ ካናዳ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ የበረዶ ውሽንፍር ያዛቸው። በማግሥቱ በሜዳቸው ጨዋታ ስለነበረባቸው መድረስ አለብን የሚል ሰው በአውቶቡሱ ውስጥ አልጠፋም፤ ቀስ እያልን እንሂድ ተባለ። ሹፌሩ መልስ ሳይሰጡ ያገኙት የመጀመሪያ ነዳጅ ማደያ ገብተው አቆሙ። ቁልፉን ነቅለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጨዋታ ሌላ ቀን ይደረጋል» አሉ። ይኸው ነው፤ ክርክር የለም፤ ጩኸት የለም።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው እኔን ያስለቀሰኝ። መተላለፊያው መሐል ቆመው፣ ማንም ለእናቱ ሳይደውል እንዳይተኛ ብለው አዘዙ። እናት የሌለው ለአባቱ፣ ወይም ለሚወደው ሰው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የልጄን ስም ሳይ እጄ ተሳስሮ ስልኩን ማንሣት አቃተኝ። ሳነሣው «እማዬ፣ ቆመናል። ደህና ነን። ሹፌሩ ደውሉ ብለውን ነው፤ አሁን ልተኛ ነው» አለኝ። ከጀርባው የሌሎቹ ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም በየቋንቋው «እማዬ» ይላል። ጺሙን ያጎፈረው የ20 ዓመቱ ተከላካይ ሳይቀር እንደ ሕፃን ድምፁን አለስልሶ ደህና እደሪ ሲል ሰማሁት። የጽዳት ጋሪዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እሳቸው ግን አልተኙም። ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ሞተሩን መልሰው አስነሥተው ሌሊቱን አላጠፉትም፤ በየጊዜው እየወረዱ የጭስ ማውጫው በበረዶ እንዳይደፈን በእጃቸው ሲጠርጉ፣ በየጊዜውም አንድ መስኮት ገርበብ ሲያደርጉ እንዳደሩ ልጄ ነገረኝ። ብዙም ሳይቆይ አውራ ጎዳናው ራሱ ተዘጋ። ጠዋት የበረዶ መጥረጊያ መኪናዎቹ ካለፉ በኋላ ተነሥተው ገቡ። ጨዋታው ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ፤ ማንም በዚያ ምክንያት አልሞተም፤ ሊጉም አልፈረሰም። እንደውም በተዛወረው ጨዋታ አሸነፉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጄን ለማየት ሄጄ በሜዳው ጓሮ አገኘኋቸው። የተሰበረ የሆኪ ዱላ አሳጥረው ቆርጠው መጨረሻውን በጥቁር ፕላስተር ጠምጥመውታል፤ በእሱ ጎማው ዙሪያ የጋገረውን በረዶ ያራግፋሉ፤ የኋላ መብራቶቹንም በጓንታቸው ይወለውላሉ። ለማመስገን ቀርቤ መናገር ጀምሬ አልቅሼ ጨረስኩ። ሰውየው ተደናገጡ። ምን እንደሚሉኝ ስላጡ ይመስለኛል፣ ስለ አየር ፍሬንና ብርድ ሲሆን በቧንቧው ውስጥ ስለሚረጋ ውኃ ረጅም ማብራሪያ ሰጡኝ። አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ፤ አንዱም አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት እኔ የማላውቃቸውን ብዙ ነገሮች አንድ በአንድ የሚያዩ ሰው መሆናቸው ነው።

ቡድናችን በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ተሰናበተ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱን አጥቁሮ ከረመ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል፤ የሌሊት ጉዞው አበቃ። በሚመጣው ወቅት ልጄ ይመለሳል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። እሺ ያልኩት እኚህ ሰው መሪውን እንደሚይዙ አረጋግጬ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ጥቆማዬን ስሙኝ። ሆኪው በማይኖርበት በበጋ ወራት እኚህ ሰው የኪራይ አውቶቡስ ይነዳሉ። ለሠርግ፣ ለማኅበር ጉዞ፣ ለልጆች ውድድር አውቶቡስ የምትፈልጉ ካላችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ። ደግሜ እላለሁ፣ አትድከሙ። ዋጋቸው ከርካሾቹ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ልዩነቱ ለአንድ ሰው ሲካፈል ግን የሚወራ አይደለም። እሳቸውን ባታገኙ እንኳ ከማንም ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት ሹፌሩ ትናንት ማታ የት እንዳደረ ጠይቁ፤ ተኝቶ ነው ወይስ ሲነዳ? ቀበቶም ጠይቁ። ካናዳ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የተሠሩ አዳዲስ ትልልቅ አውቶቡሶች ቀበቶ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ አሮጌ ከላኩላችሁ ላይኖረው ይችላል። መንገድ ሲበላሽ ይቁም የሚለው ማን እንደሆነም በግልጽ ይነገራችሁ። «ቢሮው ይወስናል» ካሏችሁ ስልኩን ዝጉት።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የሰኔና የሐምሌ ቅዳሜዎች ቶሎ ስለሚያዙ አትዘግዩ፤ መስከረም ከገባ ደግሞ የእኛ ናቸው፤ ለማንም አንሰጥም።