የባጃጄን 7805 በኤል ኤም 2596 ከቀየርኩ 8 ወር ሞላኝ

ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ፣ በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ እነካካለሁ። ስልክ ቻርጅ የማደርግባት ቦርድ ላይ የነበረው 7805 ሬጉሌተር (የባትሪውን ቮልት ወደ 5 የሚያወርደው ዕቃ) አሰልችቶኝ ነበር። ግሽ ዓባይ ሰፈር ፀሐይ ላይ ተራ ስጠብቅ ቻርጁ ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። አንድ ቀን በጣቴ ነካሁትና አቃጠለኝ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ አለ። 7805 5ቱን ለስልኩ ይሰጥና 9ኙን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፤ ስልኩ 1 አምፔር ከሳበ ያቺ የጥፍር ታህል ነገር 9 ዋት ትሸከማለች ማለት ነው። ከመጠን በላይ ስትግል እንዳትቃጠል ራሷን ትዘጋለች። በምትኩ ያስገባሁት የ2596 ሞጁል (ያንኑ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ቦርድ) ግን ቮልቱን በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ እያበራ እያጠፋ ስለሚያወርደው፣ ለዚያው ስልክ ከባትሪው የሚወስደው ግማሽ አምፔር አይሞላም።

7805ን ጽሑፉ ወደ እናንተ ዞሮ ስታዩት ግራው መግቢያ፣ መሀሉ ኔጋቲቭ፣ ቀኙ መውጫ ነው። ነቀልኩትና በሦስቱ ቀዳዳ ወደ ሞጁሉ የሚሄዱ ሦስት ሽቦ በየድኩ። አደራ፣ ስልክ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ! የእኔ ሞጁል አዲስ ሆኖ ከ12 ቮልት በላይ ነበር የሚያወጣው። ማስተካከያዋን ብሎን ከአስር ዙር በላይ አዙሬ ነው 5.1 ላይ ያቆምኳት።

በሦስተኛው ወር ስልኩ አልቀበልም አለኝ። ስለካው 5.7። ኮብልስቶኑ እያንቀጠቀጠ ብሎኗን አዙሯታል። መልሼ አስተካከልኩና ከእህቴ የጥፍር ቀለም ተቀብዬ አንድ ጠብታ አደረግሁባት፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም።

ሌላው ጉድለቱ ሬዲዮ ነው። ኤፍ ኤም ላይ ምንም የለም፣ መካከለኛ ሞገድ ላይ ግን ያፏጫል። ሞጁሉን ከሬዲዮው ሳርቀው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ሬዲዮ ወይም የድምፅ ማጉያ ልትጠግኑ ከሆነ 7805ን አትንኩት፣ ትልቅ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን የሚበትን ብረት) አድርጉለትና ይቀጥል።

ለቻርጅ ግን ወደ ድሮው አልመለስም። የሚያዝያን ሙቀት ጣና ዳር ቆሜ አንዴም ሳይቋረጥ አሳልፌዋለሁ፣ የሞጁሉን የሽቦ ጥቅልል ስነካው ለብ ከማለት አያልፍም። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ዝናቡን ፈርቼ በፕላስቲክ ሳጥን ዘግቼዋለሁ፣ መግቢያው ላይም የ2 አምፔር ፊውዝ አለ።