ኤሲሊጋ ወይስ ኤሲሊጋ ቢ?

ኤሲሊጋ የኢስቶኒያ እግር ኳስ ሁለተኛው እርከን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ኤሲሊጋ ቢ ሦስተኛው ነው። ለዓመታት በሠሩበት ሥርዓት በሁለቱም አሥር አሥር ቡድኖች አራት አራት ጊዜ እየተገናኙ 36 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ በማርች ብርድ ገና ሣሩ ስለማያገግም የመክፈቻው ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ነው።

ዋናው ልዩነት ሰንጠረዡ አናት ላይ ይታያል። የታሊኑ ክለብ የሌቫዲያ ሁለተኛ ቡድን ኤሲሊጋን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢያሸንፍም፣ ዋናው ቡድን በአንደኛው እርከን፣ በሜይስትሪሊጋ፣ ስለሚጫወት ማደግ አይፈቀድለትም። በኤሲሊጋ ቢ ግን እንዲህ ያለ ቡድን፣ ክለቡ በኤሲሊጋ ሌላ ቡድን እስከሌለው ድረስ ያድጋል። ስለዚህ የሻምፒዮንነት ፉክክሩን ከልብ ለመከታተል ለሚሻ፣ ጥራቱ ዝቅ ቢልም፣ እኔ ኤሲሊጋ ቢን እመርጣለሁ።