አሜሪካ የታሰረ ልጃችንን ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላ ላገኘችልን ልጅ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ጠባሴ በኩል የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ያላት አንዲት ልጅ አለች። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የዲቪ ፎርም ትሞላለች። በሯ ላይ የተለጠፈው ይኸው ነው። ያልተለጠፈውን ልንገራችሁ። አሜሪካ የታሰረ ዘመድ የት እንዳለ፣ በምን እንደተያዘ፣ ተለቆ እንደሆነም ከራሱ ከመንግሥት መዝገብ ፈልጋ ታወጣለች። ስሜንና ስልኬን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም። የቸገረው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ስልኩ ድንገት ዝም አለ። አብሮት የሚሠራ ልጅ «ፖሊስ ይዞታል መሰለኝ» ብሎ ለአንድ ዘመድ ነገረ። ያ ዘመድ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው ሲል ወሬው መሐል ሜዳ እህቴ ጋ የደረሰው «ሃያ ዓመት ፈረዱበት» ሆኖ ነው። እትዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በማለዳው መኪና ደብረ ብርሃን ገባች። ጉዳዩ ከመኪና መንዳት ጋር የተያያዘ ነበር። ዝርዝሩ የራሱ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው እሱን አስፈቅጄ ነው።

እኛ ቤት ያሉት ወጣቶች በስልካቸው ስሙን ጎርጉረው አንድ ድረ ገጽ አግኝተው ነበር። «የእስር ታሪኩ ተገኝቷል» ይላል። መስመሩ እየሞላ፣ እየሞላ ይሄድና መጨረሻ ላይ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ዱባይ ያለች የአጎቴ ልጅ ልትከፍል ካርዷን አውጥታለች። ልጅቷ ይህን ስናሳያት ሳቋን ዋጥ አደረገችና «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩ» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስም በሚለው ቦታ «ሽሮ»፣ የአባት ስም በሚለው ቦታ «በርበሬ» ብላ ጻፈች። መስመሩ ሞልቶ ሞልቶ የሽሮ በርበሬ የእስር ታሪክም «ተገኝቷል» አለ። እትዬ እንኳ በዚያ ጭንቀቷ ፈገግ አለች።

የመንግሥቱ መዝገብ በነጻ ነው የሚታየው። ችግሩ የት ብሎ መፈለግ እንዳለ ማወቁ ላይ ነው። ልጅቷ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ገለበጠችና ጀርባው ላይ ሣለችልን። አሜሪካ አንድ ወጥ የእስረኛ ዝርዝር የላትም። ሰው እንደተያዘ በአብዛኛው የሚገባው በካውንቲ፣ ማለትም ከግዛት በታች ባለው አስተዳደር፣ እስር ቤት ነው። ያንን የሚያስተዳድረው አብዛኛውን ጊዜ ሸሪፉ፣ የካውንቲው የፖሊስ ኃላፊ፣ ሲሆን የእስረኛ መፈለጊያውም በዚያው በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ተፈርዶበት ረጅም ጊዜ የሚታሰር ሰው ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ይሄዳል፤ ያ ሌላ መዝገብ ነው። በፌዴራል ወንጀል የታሰረ ደግሞ በፌዴራሉ ማረሚያ ቤቶች ቢሮ መፈለጊያ ይገኛል፤ እሱ እንደ ፈረንጆቹ ከ1982 ወዲህ ያሉትን ሁሉ ይዟል። በኢሚግሬሽን የተያዘ ሰው አይስ በሚባለው የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት መፈለጊያ ነው የሚታየው። እትዬ ሥዕሉን አየችና «እኛም ጋ እኮ ፖሊስ ጣቢያው ሌላ፣ የዞኑ ማረሚያ ቤት ሌላ፣ ሸዋ ሮቢት ያለው የፌዴራሉ ሌላ ነው» አለች። በትክክል ገብቷታል።

ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው «ዴንቨር ነው ያለው» የሚለውን ነው። ልጅቷ ዴንቨርን ፈለገች፣ የለም። እትዬ ማልቀስ ስትጀምር ልጅቷ «እናቴ፣ ቆይ፤ ደብዳቤ ልኮ ያውቃል? እቃስ?» ብላ ጠየቀቻት። አንድ ጊዜ ጫማ ልኮ ነበር። የካርቶኑ ፎቶ ከእትዬ ሌላ ልጅ ስልክ ላይ ተገኘ። አድራሻው ኦሮራ ይላል። ኦሮራ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፣ ግን በአራፓሆ፣ በአዳምስና በዳግላስ ካውንቲዎች ላይ ተዘርግታለች። መንገድ ተሻግሮ የተያዘ ሰው ሌላ ካውንቲ እስር ቤት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የከተማውን ስም መያዝ ብቻውን አይበቃም። የምታውቁት ሰው ውጭ ካለ ዛሬውኑ ካውንቲውን ጠይቁት።

ቀጥሎ ስሙ መጣ። እኛ በቤት ስሙ ነው የምንጠራው፣ እሱ መዝገብ ላይ የለም። የክርስትና ስሙም የለም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ የመጨረሻውን እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱና በእሱ ይመዘግባሉ። የዚህ ልጅ አያት ስም በ«ወልደ» የሚጀምር፣ ሁለት ቃል ያለው ነው። አንድ ላይ ተጽፎ ተፈለገ፣ የለም። ተነጥሎ ተፈለገ፣ የለም። አንዱ ፊደል ተቀየረ፣ የለም። ልጅቷ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች፣ አየችና «ወልደ»ን ጨርሳ አጠፋችው። የሁለተኛውን ቃል የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ ጽፋ ፈለገች። ረጅም ዝርዝር ወጣ፣ በመሐሉ የእኛ ልጅ። «ወልደ» ወደ መሐል ስም ተገፍቶ ኖሯል። የጻድቁ ስም ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖለታል።

እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ የልደት ቀን አስፈለገ። እትዬ «አስተርዮ ማርያም ዕለት» አለች። ልጅቷ ጥር 21ን ወደ ጃንዋሪ 29 መለሰች፣ ዓመቱ ላይም 8 ጨመረች። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ነው የሚጨመረው። ገጠመ። ፎቶው ሲመጣ እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ጠረገች። «ከስቷል» አለች። ለእኔ እንዲያውም የወፈረ ነው የመሰለኝ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ልጅቷ ከዚህ በኋላ ያደረገችው ስለሚበልጥብኝ ነው። አገኘሁት ብላ አልዘጋችውም። መስመር በመስመር አነበበችልን። ይሄ የእስረኛ ቁጥሩ ነው፣ ጻፉት፣ ስልክ ስትደውሉ ይጠይቋችኋል። ይሄ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ነው። ይሄ የቀረበበት ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ይሄ ዋስትናው ነው፣ ገና አልተወሰነም። ይሄ የችሎት ቀጠሮው ነው። «እናቴ፣ ሃያ ዓመት የሚል እዚህ ላይ የለም። ዳኛ ፊት እንኳ ገና አልቀረበም» አለቻት። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ኮሎራዶም የታሰረ ሰው የዋስትና ጉዳይ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲታይ በሕግ ደንግጋለች። ቁጥሩ አንድ መሆኑ እትዬን ከምንም በላይ አረጋጋት። የምታውቀው ቁጥር ነዋ።

በዚያው ምሽት አንድ ሰው ደወለ። አማርኛ ይናገራል፣ ጠበቃ ነኝ ይላል፣ የዋስ ገንዘብ በፍጥነት ካልተላከ ልጁ ወደ ሌላ ግዛት ይዛወራል ይላል። ልጅቷ አስቀድማ ነግራን ነበር። የእስረኛ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ስለዚህ አጭበርባሪም ያነበዋል። የልጁን ስምና የተያዘበትን ቀን ማወቁ ማንነቱን አያረጋግጥም። የእስረኛ ቁጥሩን ጠየቅነው፣ ዘጋው። ያን ቁጥርም ከመዝገቡ ሊያገኘው ይችል ነበር እኮ፣ ሰነፍ ሆኖ ነው እንጂ። ስለዚህ የልጅቷ ምክር እንዲህ ነው፦ ማንም ቢደውል ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ የካውንቲውን ቁጥር ከድረ ገጹ አውጥታችሁ ደውሉ።

ሌላም ምክር ሰጠችን። እስር ቤቱ እስረኛውን በስልክ አያገናኝም፣ የሚደውለው እሱ ነው። ሲደውል ስለ ክሱ አንድም ነገር አትጠይቁት። ጥሪው ይቀዳል፣ በአማርኛ ስለሆነ አይገባቸውም ማለት ደግሞ ዘበት ነው። አስተርጓሚ ሞልቷል። ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያልቀየረ ከሆነ ኤምባሲ እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። በፈረንጆቹ 1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 የሚናገረው ስለዚህ መብት ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። እኔ ብሆን ልቤ ቀጥ ትል ነበር። ልጅቷ ግን ይህንንም ቀድማ ነግራናለች። ብዙ ካውንቲዎች የሚያሳዩት አሁን እስር ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ሰው ሲለቀቅ ስሙ ይነሳል። አንዳንዶቹ በቅርቡ የተለቀቁትን ለብቻ ያወጣሉ። ችግሩ «ተለቋል» ማለት ሁልጊዜ ቤቱ ገባ ማለት አለመሆኑ ነው። ለሌላ ካውንቲ ወይም ለኢሚግሬሽን ተላልፎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እትዬን እልል ሳታስብል መጀመሪያ የአይስን መፈለጊያ ከፈተች። እዚያ ስምና የትውልድ አገር ነው የሚገባው፣ የስሙ ፊደልም ልክ መዝገቡ ላይ እንዳለው መሆን አለበት። በሁለቱም አጻጻፍ ሞከረች። የለም። ወደ ካውንቲው ደወለች። በራሱ ፊርማ፣ ያለ ገንዘብ ዋስ ወጥቷል አሏት። ያን ጊዜ ነው «አሁን እልል ይበሉ» ያለቻት። ልጁ ራሱ የደወለው ስልኩን ከፍቶ ቻርጅ ካደረገ በኋላ ነው።

ቫይን የሚባል ነገርም አሳይታኛለች። በብዙ ግዛቶች ይሠራል፣ ኮሎራዶም አለ። ትመዘገባላችሁ፣ እስረኛው ሲለቀቅ ወይም ሲዛወር መልእክት ይመጣላችኋል፣ በነጻ። መነሻው አሳዛኝ ነው። በፈረንጆቹ 1993 ኬንታኪ ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ወጣት በ21ኛ የልደት ቀኗ ተገደለች። ገዳዩ እሷን በማጥቃቱ ታስሮ የነበረ የቀድሞ ጓደኛዋ ነው። መለቀቁን የነገራት ሰው አልነበረም። አገልግሎቱ በዓመቱ ተጀመረ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ መዝገቡ ክፍት መሆኑን በሌላ ዓይን አየሁት። ፎቶው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ዳኛ ፊት ያልቀረበ ልጅ ፊቱ ለዓለም ይለጠፋል። እሱን ከዚያ እየቀዱ የሚለጥፉ፣ ለማንሳት ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾችም አሉ። በርካታ ግዛቶች ይህንን በሕግ ከልክለዋል፣ ያም ሆኖ አልጠፉም። እኛ ጋ ደግሞ ሰው ሲታሰር ስንቅ ቋጥሮ በር በር ማንኳኳት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባትና ጠበቃ ታሳሪን ይጎብኝ ይላል። የት ብለው ይጎብኙት ለሚለው ግን መልሱ የተረኛው ፖሊስ መዝገብ ነው። ስምና ቦታ ብቻ ያለው፣ ፎቶ የሌለው ዝርዝር ቢኖረን እኔ እወዳለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያስከፈለችን የኢንተርኔቱን ሰዓትና ያተመችልንን ወረቀት ብቻ ነው። ጨምሬ ስሰጣት አልተቀበለችም። እትዬ ከመንዝ የላከችውን በሶ ግን ተቀብላለች፣ በሶ አይመለስም።

የማትሠራውንም ላስታውቃችሁ። ጠበቃ አይደለችም፣ ክሱ ላይ ምክር አትሰጥም። የጎረቤት ጉድ ለማየት የሚመጣውን አታስተናግድም። አንዱ የቀድሞ ሚስቱን ወንድም ፈልጊልኝ ብሎ መጥቶ «ምን ሊያደርግልህ?» ብላ እንደመለሰችው ሰምቻለሁ። ስትሄዱ የፓስፖርቱን ቅጂ ወይም ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ማንኛውንም ወረቀት፣ የልደት ቀኑንና የመጨረሻ አድራሻውን ያዙ። ወደ አሜሪካ የሚደወል ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው የምትቀጥራችሁ፤ ያን ጊዜ ኮሎራዶ ላይ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ ግን ቀጠሮው ለማግስቱ ይተላለፋል። ጋቢ ያዙ፣ የደብረ ብርሃንን ምሽት ታውቁታላችሁ።