በስምምነት ወይስ በአቤቱታ? የፍቺ ሁለት መንገዶች

በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 መሠረት ጋብቻ በስምምነት ወይም ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱም በሚያቀርቡት አቤቱታ በፍቺ ሊፈርስ ይችላል፤ በርካታ ክልሎች ግን የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው አንባቢ የትኛው ሕግ እንደሚመለከተው አስቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል።

በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የንብረትን፣ የልጆችን አስተዳደግና የቀለብን ጉዳይ ራሳቸው ተስማምተው ውሉን ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱም ፈቃዳቸው ነጻ መሆኑንና ውሉ ከሕግና ከመልካም ጠባይ ጋር የማይጋጭ መሆኑን መርምሮ ያጸድቃል፤ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል።

በአቤቱታ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እርቅ እንዲሞከር ሊያደርግ ይችላል። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩና ማን ቀለብ እንደሚከፍል የሚወስን ጊዜያዊ ትእዛዝ ወዲያው መሰጠት አለበት፤ በመጨረሻው ውሳኔ ደግሞ የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ ከልጆቹ ዕድሜና ጥቅም ጋር ይመዘናል።

በእኔ ግምት መነጋገር ለሚችሉ ወላጆች የመጀመሪያው ይሻላል፤ አንደኛው ወገን በፍርሃት የሚፈርም ከሆነ ግን ስምምነቱ የስም ብቻ ነውና አቤቱታው ይመረጣል።